ፓቶባዮሎጂ የእንዶድ ተቋም ነው እንዴ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ልጄ አክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ገብታ ሁለተኛ ዲግሪዋን መማር ትፈልጋለች። እኔ ስለ ቦታው የማውቀው ‹የእንዶድ ተቋም› መባሉን ብቻ ነው። እውነት ለእንዶድ ተብሎ ነው የተቋቋመው? እንዶዱስ የት ደረሰ? ፈረንጆች ሰረቁን የሚባለው ነገርስ?»

አንድ ብለው ሦስት ጠይቀውኛል፤ ግን ችግር የለውም። ብዙ ዓመት ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ብዬ የትል እንቁላል ስቆጥር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ስለዚህ ጉዳይ የሚጠይቀኝ ሲገኝ ደስ ይለኛል። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አጭሩን ላስቀድም። ተቋሙ ለእንዶድ ተብሎ አልተቋቋመም። እንዶድ ግን ስሙን አገነነው፤ ከመግነኑም ብዛት ሌላውን ሥራ ጋረደው። ስርቆት የሚባለው ወሬ መነሻ አለው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን እሱ አይደለም። ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ የስም ግርግሩን እናጥራ። ሰው ሦስት ተቋማትን አንድ አድርጎ ያወራል። አንደኛው ድሮ «ፓስተር» የምንለው ነው። አዲስ አበባ የነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት በ1960ዎቹ የመንግሥት ማዕከላዊ ላቦራቶሪ ሆነ፤ ስሙን እየቀያየረ መጥቶ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይባላል። ሰፈሩ ግን አሁንም ፓስተር ነው፤ ታክሲ ረዳት ስም አይቀይርም። ሁለተኛው አርማወር ሐንሰን ነው። እሱ በ1970 ዘነበወርቅ፣ አለርት ግቢ ውስጥ የተቋቋመ ሲሆን መነሻው የሥጋ ደዌ ነው። ስሙም በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ካገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም የተወሰደ ነው። ሦስተኛው የእርስዎ ልጅ ያሰበችው፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፓቶባዮሎጂ ነው።

ፓቶባዮሎጂ የተመሠረተው በ1966 ነው። ያኔ ዩኒቨርሲቲው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል ነበር። መሥራቹም የመጀመሪያው ኃላፊም አክሊሉ ለማ ነው። አክሊሉ ዶክትሬቱን በ1964 አሜሪካ፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ጨርሶ የተመለሰ ገና ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆነው ወጣት ነበር። እሱ በተማረበት የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤት ውስጥ ያኔ «ፓቶባዮሎጂ» የሚባል የትምህርት ክፍል ነበር። የእኛ ተቋም ስም ከዚያ ሳይመጣ አይቀርም ብዬ እገምታለሁ። ብዙ ሰው «ፓቶሎጂ» ብሎ ያሳጥረዋል፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ፓቶሎጂ የታመመውን ሥጋ ያያል። ፓቶባዮሎጂ በሽታ አምጪውን ከነኑሮው ያያል፦ ትሉን፣ ትሉን ያስጠጋውን ቀንድ አውጣ፣ ዝንቡን፣ ዝንቡ የተደበቀበትን ገደል፣ ውሃ የምትቀዳዋን ልጅ።

ሐሳቡም ይኸው ነበር። በዚያን ዘመን የእኛ አገር የትል በሽታ ጥናት በአብዛኛው የውጭ ሰዎች ሥራ ነበር። ሰውየው ይመጣል፣ ናሙና ይሰበስባል፣ ይሄዳል። ጽሑፉ የሚወጣው ሌላ አገር ነው። አክሊሉ ናሙናውም ማይክሮስኮፑም ሰውየውም እዚሁ ይሁኑ አለ። ቀላል ይመስላል፤ ግን አይደለም።

አሁን ወደ እንዶዱ።

ታሪኩን ምናልባት ሰምተውታል። ተቋሙ ከመመሥረቱ ሁለት ዓመት በፊት፣ በ1964፣ አክሊሉ ዐድዋ አካባቢ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን እያጠና ነበር። ሴቶች ወንዝ ዳር ልብስ ያጥባሉ። የሚያጥቡት በእንዶድ ነው፤ እዚያ ሽብጢ ይሉታል። ሴቶቹ ካሉበት ዝቅ ብሎ ሲያይ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተዋል። ከፍ ብሎ ሲያይ ግን በሕይወት አሉ። ከዚያ አንዷን ሴት በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ያሉበት ዕቃ ውስጥ ከአረፋው ጨምሪበት አላት። ጨመረችበት፤ ሞቱ።

ይህን ታሪክ ስንነግር ሁሌም «ሊቁ አየ» እንላለን። እኔ ደግሞ የት እንደቆመ ነው የሚገርመኝ። ቀንድ አውጣ የሚያጠና ሰው ወንዙን ሽቅብም ቁልቁልም ካልሄደ ይህን አያይም። አንድ ቦታ ቆሞ ናሙና ሰብስቦ የሚመለስ ሰው «ዐድዋ ቀንድ አውጣ አለ» ወይም «የለም» ብሎ ይጽፍና ያበቃል።

ቀንድ አውጣ መሞቱ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ? ይህን ለመረዳት የቢልሃርዝያን ዑደት ማወቅ ያስፈልጋል። ትሎቹ በሰው አንጀት ደም ሥር ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይኖራሉ። እንቁላላቸው በሰገራ ይወጣል። እንቁላሉ ጎኑ ላይ እሾህ አለው፤ አንድ ጊዜ ያየው ሰው አይረሳውም። ውሃ ሲነካው ይፈለፈልና ትንሿ እጭ ቀንድ አውጣ ፍለጋ ትዋኛለች። ያላት ጊዜ አንድ ቀን ገደማ ነው፤ ካላገኘች ትሞታለች። ካገኘች ግን አበቃ። ቀንድ አውጣው ሆድ ውስጥ ተባዝታ ተባዝታ ትወጣለች። አንድ የተበከለ ቀንድ አውጣ በቀን በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠር እጭ ውሃው ላይ ይለቃል። የሚለቀው ደግሞ ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ ልጆች ሊዋኙ በሚገቡበት ሰዓት ነው። እጩ ቆዳን በስቶ ይገባል። መጠጣት አያስፈልግም፤ እግር መንከር ይበቃል።

በ1960ዎቹ የነበረው መድኃኒት ደግሞ የሚያስመካ አልነበረም። ዋነኛው አንቲሞኒ ነበር። በተደጋጋሚ በመርፌ የሚሰጥ፣ የሚያስመልስ፣ ልብንም የሚጎዳ ነው። ለአንድ ሕመምተኛ ይሞከራል እንጂ ለአንድ አውራጃ ሕዝብ አይታደልም። ስለዚህ ያለው አማራጭ ሰንሰለቱን መሐሉ ላይ፣ ቀንድ አውጣው ላይ መቁረጥ ነበር። ለዚህም የፋብሪካ ኬሚካል ነበረ፤ ቤይሉሳይድ የሚባለው ዋናው ነው። ይሠራል። የሚገዛው ግን በውጭ ምንዛሪ ነው። እንዶድ በየአጥሩ ላይ በቅሎ ቢገኝ አክሊሉ ለምን ልቡ እንደዘለለ አሁን ይገባዎታል።

እንዶድ የሚገድለው በሳፖኒን ነው፤ ያ አረፋ የሚያወጣው ነገር ማለት ነው። ፍሬው ሳይጨፈለቅ ብዙም አቅም የለውም። ጨፍልቀው ውሃ ሲያስነኩት በውስጡ ያለው ኢንዛይም ይነቃና ሳፖኒኑን ወደ ገዳዩ ዓይነት ይቀይረዋል። አያቶቻችን ፍሬውን ወቅጠው ውሃ ውስጥ የሚዘፈዝፉት ኬሚስትሪ ተምረው አይደለም፤ ግን ልክ ናቸው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ውስጥ ገዳዩ ንጥረ ነገር ተለይቶ ሲወጣ ለማቶክሲን ተባለ። ከአክሊሉ አባት ስም ነው የተወሰደው። ጋሽ ለማ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ እንደነበር እንጃ፤ በስሙ መርዝ የተሰየመለት ሰው ብዙ አይገኝም።

ከ1969 እስከ 1974 ተቋሙ ዐድዋ ላይ የአምስት ዓመት ሙከራ አካሄደ። የከተማዋ ሕዝብ ያኔ 17 ሺህ ገደማ ነበር። ወንዞቹ ላይ በየጊዜው እንዶድ ተረጨ። ከ1 እስከ 5 ዓመት ባሉ ሕፃናት ዘንድ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። በጠቅላላው ሕዝብ ያየን እንደሆነ ግን መቀነሱ ወደ ግማሽ ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ሰዎች የሚጠይቁኝ አለ። «ታዲያ ውጤቱ ግማሽ ነዋ! ለምን 7 በመቶውን ብቻ ታወራላችሁ?» መልሱ ይኸውና። ትሉ ሰው ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። ወንዙን ዛሬ ቢያጸዱት አዋቂው ካቻምና የያዘው ትል እንቁላል መጣሉን አያቆምም። ወንዙ በእርግጥ መጽዳቱን የሚነግርዎ ሙከራው ከተጀመረ በኋላ የተወለደው ሕፃን ነው። እሱ የድሮ ትል የለውም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥናት ሲያነቡ መጀመሪያ የሕፃናቱን ዓምድ ይዩ።

ከዚያስ ምን ሆነ? በዚህ ጊዜ እንዶዱ በየአገሩ መሠራት ነበረበት፤ አይደል? አልሆነም። ለዓለም አቀፍ ተቋማት ሲቀርብ የመጣው ጥያቄ የደኅንነት ነበር፦ ለሰው፣ ለከብት፣ ለአካባቢ መርዝ አለመሆኑ በታወቀ የላቦራቶሪ ደንብ መሠረት ይረጋገጥ። ጥያቄው በራሱ ተገቢ ነው። ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ነገር ሁሉ እንዲያ መጠየቅ አለበት። ችግሩ ደንቡን የሚያሟሉት ላቦራቶሪዎች ያሉት ሀብታሞቹ አገሮች ዘንድ መሆኑ ነበር፤ ምርመራውም ውድ ነው። አዲስ አበባ የተሠራው ሥራ እንደ ማስረጃ አልተቆጠረም። አንድ ኩባንያ የራሱን ኬሚካል ሲያስመረምር ገንዘቡን ከሽያጩ ያወጣዋል። በየአጥሩ የሚበቅል ተክል ግን ባለቤት የለውም። ማን ይክፈልለት?

በመጨረሻ በካናዳ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ ምርመራው ተሠራ። ውጤቱም ጠቅለል ሲል፣ ለአጥቢ እንስሳት የከፋ አደጋ የለውም፤ ዓይን ግን ያቃጥላል የሚል ነበር። ዓይን እንደሚያቃጥል እናቴም ታውቃለች። ለዓሣ ግን መርዝ ነው፤ ይህን መደበቅ የለብንም። የዓሣ ወንዝ ላይ አይረጭም።

ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ጊዜው ወደ 1990ዎቹ ገብቷል። ዐድዋ ላይ ሙከራው ካበቃ ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው። በመሐሉ ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን መጣ። በአንድ ቀን የሚዋጥ፣ ብዙም ጣጣ የሌለው ነው። ዋጋውም እየወደቀ ሄደ። የዓለም ትኩረት ከቀንድ አውጣው ወደ ክኒኑ ዞረ። እኔ የምለው ጉዳት ይኼ ነው፦ እንዶድን የረታው ሌባ አይደለም፤ መዘግየት ነው።

በቤት ውስጥ ግን ሥራው አልቆመም። የተቋሙ የግብርና ተመራማሪ ለገሠ ወልደዮሐንስ ከየአገሩ ክፍል 65 ዓይነት እንዶድ ሰብስቦ አነጻጸረ። ይህ ዓመታት የሚበላ ሥራ ነው። እንዶድ ወንዴና ሴቴው ለየብቻ ነው፤ ፍሬ የምትሰጠው ሴቴዋ ናት። ሴቴ ይሁን ወንዴ እስኪያብብ አይታወቅም። ከመካከላቸው «ኢ-44» የተባለው ዝርያ በምርቱም፣ ቀንድ አውጣ በመግደል ኃይሉም፣ ተባይን በመቋቋሙም ተመረጠ። አክሊሉና ለገሠ በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ወሰዱ። ስለ አክሊሉ ሲወራ የለገሠ ስም ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ሙያው ያለኝ ሰው ስለሆንኩ ይቆጨኛል፤ ዛፉን ሳያውቁ ፍሬውን ማመስገን ነው።

አሁን ወደ «ሰረቁን»። በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ከአውሮፓ በመርከብ ውሃ ተጭኖ የመጣ የሜዳ አህያ መልክ ያለው ትንሽ ዛጎል ለበስ፣ ዜብራ መስል የሚሉት፣ የሰሜን አሜሪካን ታላላቅ ሐይቆች ወረረ። የውሃ ቱቦ እየደፈነ ከተማና ፋብሪካ አስጨነቀ። አክሊሉ በ1990 ኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሊሰጠው ሲጋብዘው ጨዋታ ተነሣና «እንዶድ ይገድለው ይሆን?» ተባለ። ተሞከረ። ገደለው። ከዚያ ዩኒቨርሲቲው የፈጠራ መብት አስመዘገበ። አክሊሉ ከፈጠራው ባለቤቶች አንዱ ሆኖ ስሙ አለበት፤ መብቱ ግን የዩኒቨርሲቲው ነው። ልብስ ሲያጥቡ የኖሩት ሴቶች፣ ተክሉን ያቆየው ገበሬ፣ አገሪቱም፣ ስማቸው የለም። ጉዳዩ ስለ ባህላዊ እውቀት መዘረፍ ሲወራ ሁሌ የሚጠቀስ ምሳሌ የሆነው ለዚህ ነው።

ስርቆት ነው? እኔ ቃሉን አልወደውም። ሰውየው ራሱ እዚያ ነበረ፤ በድብቅ የተወሰደ ነገር የለም። ፍትሐዊ ነው ወይ ካሉኝ ግን አይደለም። ደግሞም ያ የፈጠራ መብት የኛን ወንዝ ቀንድ አውጣ ከመግደል አልከለከለንም። የከለከለን ሌላ ነገር ነው፤ ከላይ ተናግሬዋለሁ።

አክሊሉ ከአብዮቱ በኋላ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ሥራ ሄዶ በመጨረሻ ፍሎሬንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ ማዕከል ሠርቷል። በ1997 ዐረፈ። ተቋሙ በስሙ የተጠራው ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ እንዶዱን ገሸሽ እናድርገውና ተቋሙ ሌላ ምን ሠራ? ልጅዎን የሚመለከታት እዚህ ያለው ነው።

ለእኔ ትልቁ የቢልሃርዝያ ካርታው ነው። የትኛው ወንዝ የትኛው ቀንድ አውጣ አለው፤ የትኛው ትምህርት ቤት ልጆች ስንት በመቶ ተይዘዋል። ይህ ዜና አይሆንም፤ ማንም አይሸልመውም። ግን የአንጀት ቢልሃርዝያ በደጋና በወይናደጋ ወንዞች እንደተሠራጨ፣ የሽንት ቢልሃርዝያ ግን እንደ አዋሽ መካከለኛና ታችኛ ሸለቆ ባሉ ቆላዎች እንደተወሰነ የምናውቀው በዚህ ዓይነት ሥራ ነው። ወንጂን ይውሰዱ። የሸንኮራ እርሻው ሲስፋፋ የመስኖ ቦይ በዛ፤ ከደጋው ሠራተኛ መጣ። ሠራተኛው ትሉን በሆዱ ይዞ መጣ፤ ቦዩ ቀንድ አውጣውን ይዞ ጠበቀው። በሽታው ቤት ሠራ። ግድብና መስኖ ሲሠራ «ቀንድ አውጣውስ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈለገው ከዚህ ነው።

ሌላው ሌሽማኒያ ነው፤ በዓይን በማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣ በሽታ። ቆዳ ላይ የሚወጣውን ቁንጭር ይሉታል፤ ፊት ላይ ጠባሳ ጥሎ ይሄዳል። አክሊሉ ራሱ በ1969 ከወጣው የመጀመሪያ ጥናት አዘጋጆች አንዱ ነው። በደጋው ተረተር ላይ ሽኮኮ ይኖራል፤ ጥገኛው ሽኮኮው ላይ ይኖራል፤ የአሸዋ ዝንቧ ከሽኮኮው ወደ ገደሉ ሥር ቤት ወደሠራው ሰው ታመጣዋለች። እንዲህ ያለውን ነገር ሐኪም ቤት ተቀምጦ ማወቅ አይቻልም። ገደል መውጣት አለ። ከዚያ ወዲህ ወባ፣ የአንጀት ትሎች፣ ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎች ሁሉ ተጨምረዋል። ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ ያስተምራል። አገር ውስጥ ስለ ትል የምታነቧቸው ጥናቶች ጸሐፊዎችን ብትቆጥሩ ብዙዎቹ በዚያ በር ያለፉ ናቸው።

እንዶዱ ግን ጨርሶ ሞተ ማለት አይደለም። ከ2015 ጀምሮ አገር አቀፍ ዘመቻ ተጀምሮ ትምህርት ቤቶች ላይ ፕራዚኳንቴል ይታደላል፤ በጣም ጥሩ ነው። ነገር ግን ክኒኑ ወንዙን አያጸዳም። ልጁ ክኒን ውጦ ከሰዓት በኋላ እዚያው ወንዝ ይገባል። ይህ በየአገሩ ስለታየ የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 የቀንድ አውጣ መግደያ አጠቃቀም መመሪያ አወጣ፤ በ2022ም ክኒኑና ቀንድ አውጣ መቆጣጠሩ ጎን ለጎን ይሂዱ አለ። ዞሮ ዞሮ ዐድዋ ላይ የተነሣው ጥያቄ ላይ ነን።

ለልጅዎ የምለው አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። የመስክ ሥራ ላይ ቀንድ አውጣ ልትለቅም ወንዝ ብትወርድ የላስቲክ ቦቲ ታድርግ። እኔ ልጅ ሆኜ «ትንሽ ውሃ ነች» ብዬ በቀትር በባዶ እግሬ ገባሁ። ማታ እግሬን ሲበላኝ አደረ። አብሮን የነበረው አንጋፋ ቴክኒሻን አየኝና ሳቀ። ወዲያው ክኒኑን ስጠኝ ብለው እንቢ አለኝ፤ ክኒኑ ጎልማሳውን ትል እንጂ ሕፃኑን አይገድልም። ከስድስት ሳምንት በላይ አስጠበቀኝ። ከዚያ መዘነኝ፣ በኪሎ 40 ሚሊግራም አሰላና ያንን ትልልቅ መራራ ክኒን እፊቱ አስዋጠኝ።